ጣና በአንድ ፎቶ አይገባም፦ ለጀማሪ የትኛው የፓኖራማ መንገድ ይሻላል?

ባሕር ዳር ላይ ሐይቁ ዳር ቆሞ ስልኩን ያወጣ ሰው ሁሉ የሚያጉረመርመው አንድ ነገር ነው፤ ዓይኑ የጠገበው ነገር ፎቶው ውስጥ የለም። በግራ የዘጌ ደን፣ ፊት ለፊት የክብራንና የእንጦስ ደሴቶች፣ በቀኝ አባይ ከሐይቁ የሚወጣበት የደብረ ማርያም በኩል። አንገቱን ዞር ዞር ሲያደርግ ሁሉንም ያየዋል፤ ካሜራው ግን አንዱን ይዞ ሌላውን ይተዋል። ፓኖራማ፣ ማለትም ሰፊውን ዕይታ በአንድ ረጅም ፎቶ መያዝ፣ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ችግሩ መንገዱ መብዛቱ ነው። እኔ ስጀምር የጠየቅሁት አንዱ «ስልክህ ላይ አለልህ አይደል እንዴ» አለኝ። ሌላው «ትራይፖድ ሳትገዛ አትድከም» አለ። ሦስተኛው በዶላር የሚከፈል ሶፍትዌር ጠራልኝ። ሦስቱም አልዋሹኝም። ግን አንዳቸውም ዋናውን ጥያቄ አላነሡም፦ ፎቶው ውስጥ ከሚገባው ነገር ሁሉ ለአንተ በጣም የሚቀርበው ስንት ሜትር ላይ ነው? ብዙ ፎቶ ካበላሸሁ በኋላ የገባኝ ይሄ ነው። የትኛውን መንገድ መምረጥ እንዳለባችሁ የሚወስነው ያ ርቀት ነው፤ የካሜራው ዋጋ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ለቸኮለ

የሚወዳደሩት አራት ናቸው። የመጀመሪያው ፓኖራማ ሳይሆን ማምለጫ ነው፤ ስልኩ ላይ 0.5 የሚለውን ሰፊ ሌንስ መርጦ አንድ ፎቶ ማንሳትና ላይና ታቹን መቁረጥ። ሁለተኛው ስልኩ ውስጥ ያለው ፓኖራማ ነው። ሦስተኛው፣ በስልክም ይሁን በካሜራ፣ ተራ ፎቶዎችን በተከታታይ አንስቶ በኋላ በሶፍትዌር ማገጣጠም። አራተኛው ይህንኑ በትራይፖድና ለፓኖራማ በተሠራ ማዞሪያ መሥራት ነው።

ከጀልባ ላይ የምታነሡ ከሆነ የመጀመሪያውን ያዙ። ከፊታችሁ ያለው ሁሉ ከአሥር ሜትር በላይ ርቆ ፎቶውም ለቴሌግራም ብቻ ከሆነ ሁለተኛው ይበቃችኋል፤ በተረፈው ገንዘብ ዓሣ ብሉበት። ግድግዳ ላይ ለመስቀል ካሰባችሁ ሦስተኛው። ከፊት ለፊት የአጥር ብረት፣ የካፌ ጠረጴዛ ወይም ዳር የተጎተተ ታንኳ ካለ ግን ወይ አራተኛው፣ ወይ ደግሞ ከታች የምነግራችሁ የቱንቢ ዘዴ። ምክንያቱን ማወቅ ያልፈለገ እዚህ ላይ ሊያቆም ይችላል።

የአውራ ጣት ሙከራ

አንድ እጃችሁን ዘርጉና አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ አቁሙ። ግራ ዓይናችሁን ጨፍኑና እዩት፤ ከዚያ ቀኙን ጨፍኑ። ጣቱ ከኋላው ካለው ዛፍ አንጻር ዘለለ አይደል? ጣታችሁ አልተንቀሳቀሰም፤ የተንቀሳቀሰው የምታዩበት ቦታ ነው፤ ያውም በሁለት ዓይን መካከል ባለው ስድስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ። ባለሙያዎች ይህን ፓራላክስ ይሉታል። የጀማሪ ፓኖራማ የሚበላሸው በአብዛኛው በእሱ ነው።

አሁን ስልክ ይዛችሁ ስትዞሩ የሚሆነውን አስቡ። እጃችሁ ተዘርግቷል፤ መሐል ላይ ያለው እናንተ ናችሁ፤ ስልኩ በዙሪያችሁ ይሽከረከራል። ክንዳችሁ 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና በአንድ ጊዜ 30 ዲግሪ ብትዞሩ፣ ሌንሱ ከነበረበት 31 ሴንቲ ሜትር ያህል ሄዷል ማለት ነው። ሁለት ሜትር ላይ ያለ ድንጋይ ከኋላው ካለው ደሴት አንጻር ወደ 9 ዲግሪ ይዘላል። በ12 ሜጋፒክስል ስልክ ሲሰላ 500 ፒክስል ገደማ ነው፤ የትኛውም ሶፍትዌር ይህን ደብቆ ሊሰፋው አይችልም። አራት ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ነገር ግን በዚያው 31 ሴንቲ ሜትር አንድ ፒክስል እንኳ አይነቃነቅም።

ለዚህ ነው ከቤዛዊት ኮረብታ ላይ ያነሣችሁት ፓኖራማ ያምርና እዚያው ቀን ሐይቁ ዳር ካፌ ውስጥ የሞከራችሁት የተሰበረ ወንበር የሚያወጣው። ስልኩ አንድ ነው፤ እጁም አንድ ነው። የተለወጠው የቅርቡ ነገር ርቀት ነው።

መድኃኒቱ እናንተ ሳትሆኑ ስልኩ መሐል እንዲሆን ማድረግ ነው። ስልኩን ወደ ደረታችሁ አስጠጉና እናንተ በዙሪያው በትንሽ በትንሹ እርምጃ ዙሩ። ከውጭ ሲታይ ያስቃል፤ ሐይቅ ዳር የሚጫወቱ ልጆች እየተከተሉ አስመስለውብኛል። በትክክል ለመሥራት ደግሞ የግንበኛ ቱንቢ አለ። ክር ውሰዱ፣ ጫፉ ላይ ብሎን እሰሩ፣ ሌላውን ጫፍ ከሌንሱ ሥር በፕላስተር ለጥፉ። ብሎኑ መሬት ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ምልክት አድርጉበት፤ ጠጠርም ይሁን የጠርሙስ ክዳን። ከዚያ በየፎቶው ብሎኑ ከምልክቱ በላይ እንዲሆን እያደረጋችሁ ዙሩ። ልብ በሉ፣ የስልክ ሌንስ ጥግ ላይ ስለሆነ ክሩ የሚንጠለጠለው ከስልኩ መሐል ሳይሆን ከሌንሱ ሥር ነው። በዚህ መንገድ ስሕተቱ ወደ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ያኔ ድንጋዩ የሚዘለው 500 ሳይሆን 50 ፒክስል ገደማ ነው፤ ይህን ሶፍትዌር በደንብ ይሸፍነዋል።

አራተኛው አማራጭ፣ የፓኖራማ ማዞሪያው፣ የሚሠራው ያንኑ ነው፤ ሌንሱ የሚዞርበትን ነጥብ ሳይነቃነቅ ይይዛል። ብዙ ሰው «ኖዳል ፖይንት» የሚለው ያ ነጥብ በትክክል ሲባል ብርሃን ወደ ሌንሱ የሚገባበት ቀዳዳ ከፊት ሲታይ ያለበት ቦታ ነው። ተራ ትራይፖድ ብቻውን ይህን አይፈታም። ካሜራው የሚዞረው ከሥሩ ባለው ብሎን ላይ ስለሆነ ሌንሱ ከፊት ወጥቶ መሽከርከሩ አይቀርም። ትራይፖድ ገዝተው «አሁንም ተሰበረብኝ» የሚሉ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ለጀማሪ ትራይፖድ መጀመሪያ የሚገዛ ነገር አይደለም ብዬ አምናለሁ። ሌሊት የከተማውን መብራት ውሃው ላይ ለማንሳት ካልሆነ በቀር ክርና ብሎን ይቀድማል።

የስልኩ ፓኖራማ፦ ምን ይሰጣል፣ ምን ይወስዳል

ስልኩ ፓኖራማ ላይ ሲሆን ሙሉ ሙሉ ፎቶ አያነሣም። እየዞራችሁ ከየምስሉ መሐል ቀጭን ቁራጭ እየወሰደ ጎን ለጎን ይደረድራል። ይህን ማወቅ ሁለት ነገር ያስረዳል።

አንደኛው ብርሃን ነው። ብዙ ስልኮች ብርሃኑን የሚቆልፉት ስትጀምሩ ባዩት ላይ ነው። ከዋርካ ጥላ ሥር ጀምራችሁ ወደ ሐይቁ ብትዞሩ ውሃው ነጭ አንሶላ ይሆናል። በተቃራኒው ከፀሐዩ በኩል ከጀመራችሁ ጥላው ጥቁር ይሆናል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት መካከለኛ ብርሃን ያለበት ቦታ ላይ ስክሪኑን ጫን አድርጋችሁ ቆልፉት፤ ከዚያ ወደ መነሻው ተመለሱ። ስልካችሁ በፓኖራማ መቆለፍ የማይፈቅድ ከሆነ አቅጣጫውን ቀይሩት። ስክሪኑ ላይ ያለውን ቀስት መንካት በአንዳንድ ስልኮች ከቀኝ ወደ ግራ ያደርገዋል።

ሁለተኛው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። አንድ ማለዳ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሽማግሌ ወደ ግራ ሲያልፉ እኔ ወደ ቀኝ እየዞርኩ አነሣኋቸው። ዳር ሲደርሱ ፎቶውን አሳየኋቸው። ታንኳቸው አጥሮ ገበቴ መስሏል። ረዘም አድርገው አዩትና «ግማሹን የት አደረስከው ልጄ?» አሉኝ። የሆነው ይህ ነው፦ ከእናንተ መዞር ጋር የሚቃረን ነገር ያጥራል፤ አብሯችሁ የሚሄድ ነገር ይረዝማል። በማግስቱ አብሬያቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ዞርኩ፤ ታንኳው መርከብ አከለ። ያንንም አልወደዱትም።

ስለ ጥራት ደግሞ፣ ስልካችሁ ጋለሪ ውስጥ ገብታችሁ የፓኖራማውን ዝርዝር እዩ። ሁለት ቁጥር ይጻፋል፤ የሚጠቅማችሁ ትንሹ፣ ማለትም ቁመቱ ነው። ቁመቱ ከ2000 ፒክስል በታች ከሆነ ለስክሪን እንጂ ለትልቅ ኅትመት አይሆንም። ደህና ስልኮች ከዚያ በላይ ይሰጣሉ። ስልኩን አግድም ይዞ ከታች ወደ ላይ ማንሳትም እንዳለ አትርሱ፤ ረጅም ዋርካ ወይም ዘንባባ በዚያ መንገድ ያምራል፤ ጥቂት ሰው ነው የሚሞክረው።

ፎቶ በፎቶ አንስቶ ማገጣጠም

እኔ የምመርጠው ይሄን ነው፤ ስለዚህ ረዘም ብል አትታዘቡኝ።

ካሜራውን በቁም ያዙት። አግድም መያዝ የሚቀል ይመስላል፤ ነገር ግን ፓኖራማው ቀበቶ ይሆናል፤ ሰማዩም ውሃውም ይጎድላል። እያንዳንዱ ፎቶ ከቀደመው ጋር ሲሶ ያህል ይደራረብ። ለምሳሌ 24 ሜጋፒክስል ያለው፣ ከሌንሱ ጋር የሚሸጠው የተለመደ የጀማሪ ካሜራ በ18 ሚሊ ሜትር በቁም ሲያዝ በአንድ ጊዜ 47 ዲግሪ ገደማ ያያል፤ ከመደራረቡ ጋር 180 ዲግሪ ለመሸፈን 6 ፎቶ ይበቃዋል። ውጤቱ በወርድ 15,000 ፒክስል ገደማ ይሆናል። ይህን በ150 ነጥብ በኢንች ብታትሙት ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ርዝመት አለው። ሌንሱን ወደ 35 ሚሊ ሜትር ካስጠጋችሁት ደግሞ ፎቶው 11 ይሆናል፤ ዝርዝሩ ይጨምራል፤ የክብራን ዛፎች አንድ በአንድ ይታያሉ። ላፕቶፓችሁ ግን ያቃስታል።

ከሁሉ በፊት ካሜራው በራሱ እንዳይወስን አድርጉት። ማንዋል ላይ አድርጉ፤ ጥሩ ፀሐይ ካለ ኤፍ 8 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ አይኤስኦ 100 (ለብርሃን ያለው ስሜት)፣ ፍጥነቱ 1/400 ጥሩ መነሻ ነው። ዋይት ባላንሱን፣ ማለትም የቀለም ሚዛኑን፣ አውቶ ላይ አትተዉት፤ የፀሐይ ምልክቱ ላይ አድርጉት። አለበለዚያ አንዱ ፎቶ ቢጫ፣ ጎረቤቱ ሰማያዊ ይሆንና ሰማዩ የተጣፈ ነጠላ ይመስላል። ፎከሱን አንዴ አስተካክላችሁ ማንዋል ላይ መልሱት። ፖላራይዘር ፊልተር ካላችሁ አውልቁት፤ ሰማዩን በአንድ በኩል አጥቁሮ በሌላ በኩል ያነጣዋል፤ በሰፊ ፎቶ ላይ ጉድለቱ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። በስልክ ከሆነ ፕሮ የሚለውን ሞድ ተጠቀሙ፤ ከሌለው ስክሪኑን ጫን አድርጎ መቆለፍ ይሠራል።

ትንሽ ዘዴ፦ ከመጀመራችሁ በፊት መዳፋችሁን አንሡ፤ ስትጨርሱ ደግሞ ጭብጣችሁን። ማታ ፎልደሩን ስትከፍቱ የትኛው ፎቶ ከየትኛው ጋር እንደሆነ አትጨነቁም።

አሁን ወደ ጣና ልዩ ችግር ልግባ። ሶፍትዌር ሁለት ፎቶዎችን የሚያገጣጥመው በሁለቱም ላይ የሚመሳሰሉ ነጥቦችን ፈልጎ ነው፤ የዛፍ ጫፍ፣ የቤት ጣሪያ ጥግ፣ የድንጋይ ጠርዝ። ይህን የሚቻል ካደረጉት ሥራዎች አንዱ በካናዳ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዴቪድ ሎው በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዘዴ ነው። ግን ውሃና ሰማይ ብቻ ያለበት ፎቶ ላይ ምን ነጥብ አለ? ሞገዱ ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው ተለውጧል፤ ደመናውም ሄዷል። ሶፍትዌሩ ወይ «አልቻልኩም» ይላል፣ ወይ ሞገድን ከሞገድ ጋር አገጣጥሞ ሐይቁን ያጣምመዋል። ሰው ይህን ሲያይ «ከፊት ድንጋይ ወይም ቄጤማ ላስገባ» ይላል፤ ያኔ ደግሞ ፓራላክሱ ይመጣል። ጣናን የሚያነሣ ጀማሪ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው የሚያዘው፦ ሩቁ ባዶ ነው፣ ቅርቡ ይሰብራል።

መውጫው መካከለኛ ርቀት ላይ ያለ ነገር መፈለግ ነው። ሁሉም ፎቶ ውስጥ ቢያንስ አንድ ቋሚና ራቅ ያለ ነገር ይኑር፦ ደሴት፣ የዘጌ ጠረፍ፣ የቆመ ጀልባ፣ የወደብ ምሰሶ። ባዶ የሚሆነው ክፍል ላይ መደራረቡን ከሲሶ ወደ ግማሽ ከፍ አድርጉ፤ የደሴቷ ጫፍ በሁለቱም ፎቶ እንድትገባ። ጭጋግ ወይም አቧራ ደሴቶቹን የሸፈነበት ቀን ከሆነ ወደ ቤት ሂዱ፤ ወይም ጀርባችሁን ለሐይቁ ሰጥታችሁ ከተማውን አንሡ።

ሰዓቱም ይወስናል። ማለዳ ውሃው ይተኛል፤ ከሰዓት ነፋስ ይነሣል። እኔ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ድረስ እሠራለሁ። ስለ ፀሐይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ባሕር ዳር ከሐይቁ ደቡብ ዳር ስለሆነች ወደ ሐይቁ ስትቆሙ ፊታችሁ ወደ ሰሜን ነው፤ ጠዋት ፀሐይ በቀኝ፣ ማታ በግራ ናት። በታኅሣሥና በጥር እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከጀርባችሁ ስለምትሆን ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ግን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ ከተማዋ ከምድር ወገብ በ11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ብቻ ሰሜን ስለሆነች። ያኔ በሐይቁ በኩል ያለው ሰማይ ይነጣል። «በጥር እንዲህ አልነበረም» ብላችሁ ካሜራውን አትውቀሱ።

ሰው የሚገባበት ፓኖራማ ላይ አንድ ሕግ ብቻ አለኝ፦ ሰው ሁለት ፎቶ የሚገጣጠምበት ስፌት ላይ አይቁም። ሙሽሮችም ይሁኑ የምረቃ ልብስ የለበሱ ተማሪዎች፣ ሁሉም በአንዱ ፎቶ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይግቡ፤ ግራና ቀኙ ባዶ ይሁን። ሚዜ ሁለት ጊዜ የወጣበት የሠርግ ፎቶ አይቻለሁ። ቤተሰቡ ስቆ አለፈው፤ ሙሽራይቱ ግን አልሳቀችም።

በምን እናገጣጥም?

እዚህ ላይ ፍርዴ ግልጽ ነው፤ ለጀማሪ ሁጊን የሚባለው ሶፍትዌር። ነጻ ነው፣ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል፤ አንዴ ካወረዳችሁት ኢንተርኔት አይጠይቅም። መሠረቱ ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ሄልሙት ደርሽ በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጣው የፓኖራማ መሣሪያ ነው። ሲከፈት የሚያስፈራ መልክ አለው። የሚያስፈልጋችሁ ግን ሦስት ቁልፍ ብቻ ነው፦ ምስል ማስገቢያው፣ «አላይን» የሚለው፣ ፓኖራማውን የሚፈጥረው። ሞገድ ላይ ያረፉ ነጥቦችን ከዝርዝሩ መሰረዝ ይቻላል፤ ሁለት ጊዜ የወጣ ሰው ወይም ወፍ ካለ ማስክ በሚለው ገጽ ከአንዱ ፎቶ ትጋርዱታላችሁ። አድማሱ እንደ ደጋን ከጎበጠ ደግሞ ቀጥ ማድረጊያ አለው። መጀመሪያውኑ እንዳይጎብጥ ግን ስታነሡ አድማሱን ፎቶው መሐል አድርጉት፤ ሰማይ ከበዛ በኋላ ትቆርጡታላችሁ።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለው። ፎቶዎቹን ጓደኛችሁ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከላከላችሁ ስለ ሌንሱ የሚናገረው መረጃ ይጠፋል፤ ሁጊንም «ሌንሱ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በተለመደው የስልክ ዋና ሌንስ ከሆነ 26 እና ክሮፕ ፋክተር 1 ብላችሁ ብትሞሉ በቂ ቅርበት አለው፤ የቀረውን ራሱ ያስተካክላል።

የማይክሮሶፍት አይስ ከሁሉ የቀለለ ነበር፤ ፎቶውን ጎትቶ መጣል ብቻ። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን አዲስ ሥሪት አልወጣለትም፤ ከኩባንያው ገጽም ተነሥቷል። የድሮው ፋይል ያለው ሰው ካገኛችሁ ዛሬም ይሠራል፤ ከማይታወቅ ገጽ ግን አታውርዱ። ላይትሩም በጣም ጥሩ ያገጣጥማል፤ የተጎረደውን ጠርዝ ዘርግቶ መሙላትም ይችላል። ችግሩ በየወሩ በውጭ ምንዛሪ መከፈሉ ነው፤ ለፓኖራማ ብቻ ብሎ መግባት አያዋጣም፤ ለሌላ ሥራ የምትከፍሉበት ከሆነ ግን ሌላ አትፈልጉ። ፒቲጉይ የባለሙያ ነው፤ የሙከራ ሥሪቱ ፎቶው ላይ ጽሑፍ ያትምበታል። ላፕቶፕ ለሌለው በአንድሮይድ ስልክ ላይ የሚያገጣጥሙ እንደ ቢሞስቲች ያሉ አፖች አሉ፤ አምስት ስድስት ፎቶ ይችላሉ፤ ስሕተቱን በእጅ የማረም ዕድል ግን እንደ ሁጊን አይሰጡም።

ሶፍትዌሩ የትኛውን ፕሮጀክሽን፣ ማለትም ዙሪያውን ዕይታ ጠፍጣፋ ፎቶ ላይ የሚዘረጋበትን መንገድ፣ እንደምትፈልጉ ሲጠይቅ አትደንግጡ። ከ100 ዲግሪ በታች ለሆነና ቀጥ ያለ ሕንጻ ወይም ድልድይ ላለበት ሬክቲሊኒየር፤ ከዚያ ለሰፋ የሐይቅ ዳር ሲሊንድሪካል። ሌላው ይቆያችሁ።

ቦታ በቦታ

ቤዛዊት ለመጀመሪያ ቀን ልምምድ የሚመች ነው፤ ሁሉም ነገር ሩቅ ነው፣ አባይ ሲጠማዘዝ ይታያል፤ የስልኩ ፓኖራማም አይሳሳትም። ቤተ መንግሥቱ በኩል ግን ካሜራ ከማዞር በፊት ጠባቂ ጠይቁ። ፓኖራማ ሰፊ ስለሆነ ያላሰባችሁትን ሁሉ ይዞ ይመጣል፤ ጥበቃውንም፣ ልብስ የምታጥበውንም ሴት።

አዲሱ የአባይ ድልድይ፣ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 380 ሜትር ርዝመት አለው። መሐሉ ፊት ለፊት ቀርባችሁ በስልክ ፓኖራማ ብታነሡት እንደ ቀስት ይለመጣል። ሩቅ ሄዳችሁ ሦስት አራት ፎቶ አንሡና በሬክቲሊኒየር አገጣጥሙት፤ ቀጥ ይላል። ቀርቦ ማንሳት የግድ ከሆነ ከአንዱ ጫፍ በሰያፍ ይሻላል፤ መለመጡ አይታወቅበትም።

ጢስ ዓባይ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በክረምት ማብቂያ፣ በመስከረም፣ ወርዱ እስከ 400 ሜትር የሚደርስ ፏፏቴ ስለሆነ ፓኖራማ ሲያምርበት ሌላ የለም። በበጋ ውሃው ለኃይል ማመንጫው ስለሚሄድ ቀጭን ይሆናል፤ ያኔ አንድ ተራ ፎቶ ይበቃዋል፤ ሰፋ ባለ ቁጥር ባዶ ገደል ነው የሚጨመረው። የሚወርድ ውሃ እንደ ሞገድ አያስቸግርም፤ ብዥታው ስፌቱን ይሸፍናል፤ ዓለቱም ለሶፍትዌሩ መያዣ ይሆናል። ብርሃኑን በነጩ ውሃ ለኩ፤ ዓለቱ ቢጠቁር በኋላ ይነሣል፣ የነጣ ውሃ ግን አይመለስም። ሌንሱን በየፎቶው ጥረጉ፤ ርጭቱ ሳታውቁት ይመጣል።

በዘጌው ገዳም በዑራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ፣ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች በፓኖራማ እንዲገቡላችሁ ትፈልጉ ይሆናል። ምክሬ አትሞክሩት ነው። መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ ወደ ኋላ መሸሽ አይቻልም፤ ብርሃኑ ትንሽ ነው፤ ፍላሽ ሥዕሉን ይጎዳል ተብሎ ይከለከላል። ጠፍጣፋ ግድግዳን ለማገጣጠም ባላችሁበት መዞር ሳይሆን ከግድግዳው ጋር ትይዩ እየሄዱ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ያ ሌላ ሙያ ነው። ካህናቱን አስፈቅዳችሁ አንዱን ሥዕል በደንብ አንሡ።

ጀልባ ላይ ደግሞ፣ አስቀድሜ እንዳልኩት፣ ፓኖራማ ይቅር። ጀልባው ይነቃነቃል፣ ይሄዳልም፤ አድማሱ እንደ እባብ ይሆናል። 0.5 ሌንስ አንድ ጊዜ ወደ 108 ዲግሪ ያያል፤ ላይና ታቹን ከቆረጣችሁ በኋላ የሚተርፈው 5 ሜጋፒክስል ገደማ ለስልክ ስክሪን ከበቂ በላይ ነው። ሞተሩ ሲጠፋና ውሃው ሲተኛ ከቸኮላችሁ ሦስት ፎቶ በሦስት ሰከንድ አንስቶ ማገጣጠም ይሆናል፤ የጀልባው አፍንጫ ግን እንዳይገባ።

ማሳተም ካሰባችሁ

የመጀመሪያ ትልቅ ፓኖራማዬን ለማተሚያ ቤት የላክሁት በቴሌግራም እንደ ፎቶ ነው። የመጣልኝ ሁለት ሜትር ጨርቅ ላይ የተሳለ ጭጋግ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቴሌግራም ፎቶውን አሳንሶታል። «ፋይል» በሚለው ላኩ፤ አለዚያ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ጄፔግ በከፍተኛ ጥራት ይበቃል።

ክፈፉን ሳታስቡ አታሳትሙ። አንድ ለሦስት የሆነ ክፈፍ ተሠርቶ የሚሸጥ አታገኙም። እኔ ዘንድ የመጣው ክፈፍ ሠሪ ርዝመቱን ሲለካ «ይሄ ፎቶ ነው መቀነት?» ብሎኛል። ማሠራት ካልፈለጋችሁ ስትቆርጡ አንድ ለሁለት አድርጉት፤ ሰማይ ትንሽ ይበዛል እንጂ ጎን ለጎን የተገጠሙ ሁለት እኩል ካሬ ክፈፎች ይሸፍኑታል። ለመቁረጥ እንዲተርፋችሁም ስታነሡ በግራና በቀኝ አንዳንድ ትርፍ ፎቶ ጨምሩ።